ማናቲ ቆጣሪዋ

ሚርላንድ ዴሮዚዬ የጀልባ ጥገና ግቢውን የብረት በር ስትገፋ እጇ ተንቀጠቀጠ። «ብርዱ ነው» ብላ ራሷን ሸነገለች። እርግጥ የካቲት ነው፣ ማያሚም በአቅሟ በርዳለች፤ ግን የሰው እጅ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ እዚህ አገር ማን አይቶ ያውቃል? እጇን ያንቀጠቀጠው ከበሩ ወዲያ፣ ከተሰቀለች ጀልባ ሥር ተንጋሎ የቆየ ቀለም የሚፍቀው ሰው ነው።

ሊሳንድሮ ቀና አለ። አያት። እሷም አየችው። አንድ ሰከንድ አልሞላም፤ ግን የሌሊቱን እንቅልፍ ማጣት፣ የእሁዱን ናፍቆት፣ «ምን ይውጠን ይሆን?» የሚለውን ጭንቅ ሁሉ በዓይን ተባባሉ። ከዚያ እንደማይተዋወቅ ሰው ፊታቸውን አዞሩ። ሦስት ወር ሙሉ ተለማምደውታል።

«መጣች የላሞቹ እረኛ!»

የሊሳንድሮ አባት ዶን ኤቬሊዮ ናቸው፤ የግቢው ጌታ። ከኩባ በአንዲት የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ መጥተው፣ ይቺን የወንዝ ዳርቻ በእጃቸው አቅንተው፣ አርባ አንድ ዓመት የሰው ጀልባ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ። ምላሳቸው ከመጋዛቸው ይብሳል።

«እንደምን አደሩ፣ ዶን ኤቬሊዮ?»

«አንቺ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣሽብኝ በየት በኩል ደህና ልደር? በይ ቁጠሪ! ጅራቷንም እንዳትረሺ፤ እናንተ ቢሮ ጅራት ለብቻ ሳይቆጠር አይቀርም።»

«ጅራት አንቆጥርም።»

«ታዲያ ያለፈው ሳምንት አሥራ ሦስት ከየት መጣ?»

«ተዋት እንጂ አባዬ» አለ ሊሳንድሮ ከጀልባው ሥር።

«ተዋት? ጠበቃም ቀጥራለች እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጥገናው ሥራ ብቻውን ግቢውን ማኖር ካቃተው ቆይቷል። ዶን ኤቬሊዮ ዳርቻቸው ላይ አሥራ አራት የጀልባ ማቆሚያ ሠርተው ለማከራየት ፈቃድ ጠይቀዋል። ፈቃዱ ከተገኘ ግቢው ይተርፋል፤ ካልተገኘ ከግራና ከቀኝ ፎቅ እየቆለለ ለመጣው ኩባንያ ይሸጣል፣ ሌላ መንገድ የለም። ወንዙ ውስጥ ደግሞ ማናቲ አለች። ግዙፍ፣ የዋህ፣ ሣር በል እንስሳ ናት፤ ሰዉ የውሃ ላም ይላታል። ብርድ ሲመጣ ከባሕሩ ወደ ወንዙ ትገባለች። ከጀልባ መሸሽ አትችልበትም፤ የሞተሩ ምላጭ ጀርባዋን ይተለትላታል። ስለዚህ በብርዱ ወራት ማናቲ የሚበዛበት ዳርቻ አዲስ ማቆሚያ አይፈቀድለትም። በዝቷል ወይም አልበዛም የምትለው ቆጣሪዋ ሚርላንድ ናት። የውሳኔ ሐሳቧን ፈርማ የምታስገባው ከነገ ወዲያ፣ ሐሙስ ነው።

የማመልከቻ ባለቤት ዘመድ፣ ወዳጅ ወይም ፍቅረኛ የሆነ ሠራተኛ ያንን ማመልከቻ መንካት የለበትም። ሚርላንድ ደንቡን በደንብ ታውቃለች፤ ለአዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው እሷ ናት። ታኅሣሥ ላይ ልቧ ከድቷት ሊሳንድሮን ስትወድ ለአለቃዋ መናገር ነበረባት። ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስትል የካቲት ደረሰ። እናቷ ከሄይቲ መጥታ ሃያ ስድስት ዓመት የሆቴል አንሶላ እየለወጠች ያስተማረቻት ልጅ ናት፤ ያቺ የቢሮ ወንበር የእሷ ብቻ አይደለችም። ስልኳም የመሥሪያ ቤት ስለሆነ፣ እሁድ እሁድ ተደብቀው ከመገናኘታቸው በቀር ከሊሳንድሮ ጋር የሚነጋገሩት በደብዳቤ ነው። የዶሮ ጭረት በሚመስል ጽሑፉ ይጽፍና ግቢው ውስጥ ከቆመችው አሮጌ ጎታች ጀልባ መስኮት ሥር ይሸጉጥላታል። የዛሬዋ እንዲህ ትላለች፦ «ሐሙስ ምንም ብትፈርሚ አልጠላሽም። ግን እባክሽ አባቴ ፊት አታልቅሺ። እኔንም ታስለቅሺኛለሽ።»

እንግዲህ ምን ታድርግ? ትፍቀድ? ቁጥሩ እምቢ ይላል። ትከልክል? የምትወደውን ሰው አባት በገዛ እጇ ከኖሩበት ልታስወጣ ነው። ትናገር? ሥራዋም ስሟም አበቃለት። ከሁለት ያጣ ጎመን ይባላል፤ እሷስ ከሦስት ነው ያጣችው።

*

የመቁጠሪያ ቦታዋ ሁልጊዜ የጎታቿ ጀልባ ጣሪያ ነው፤ ከዚያ ላይ የሚታየው ጀርባና አፍንጫ ብቻ ነው። አንድ አፍንጫ፣ ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት። አሥራ ሁለት ላይ ስትደርስ «በቃችሁ፣ እባካችሁ ሂዱልኝ» ብላ በሹክሹክታ ለመነቻቸው። ማን ሰምቷት! እንዲያውም ጀርባዋ ላይ ሦስት የምላጭ ጠባሳ ያለባት እናት ግልገሏን አስከትላ ወደ እንጨት መረማመጃው ተጠጋችና አራተኛውን ምሰሶ ትጠባ ጀመር።

ሚርላንድ ግራ ገባት። እንጨት ምኑ ይጠባል? ከጣሪያው ወርዳ በሆዷ ተኛችና ከጣውላው ሥር አንገቷን አሰገገች።

አረንጓዴ የውሃ ጎማ ነበር። በዓሣ ማጥመጃ ክር ከምሰሶው ጋር ታስሮ ጫፉ ወንዙ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጣቷን አርሳ ቀመሰችው። የቧንቧ ውሃ ነው።

ወንዙ እዚህ ጋ ከባሕር ስለሚቀላቀል ጨው ጨው ይላል። ማናቲ ጨው የሌለው ውሃ ካገኘች ዓለሟን ትረሳለች። አንዴ የጠጣችበትን ቦታ አትለቅም፤ ልጇንም ይዛ ትመጣለች። ውሃ ማጠጣቱ በሕግ የተከለከለው ለዚሁ ነው፦ የሰው ዳርቻ ትለምድና ሞተር ሥር ትገባለች።

«ዶን ኤቬሊዮ!»

ሽማግሌው እያነከሱ መጡ። «ምነው? አሥራ አራተኛዋ ተወለደች?»

«ይሄን ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? ለእነዚህ ላሞች? በሕልሜ ቢመጡብኝ እንኳ ጫማ ነው የምወረውርባቸው!» ጎንበስ ብለው ጎማውን ሳቡት። ክሩን አዩ። ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ዝም አሉ። እሳቸው ሲጮኹ ማንም አይፈራም፤ ዝም ሲሉ ነው የሚያስፈሩት።

«ይሄን ቋጠሮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «በዚህ ወንዝ ላይ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ እኔ ነኝ። ሌላውን በስድስት ዓመቱ እኔ አስተማርኩት።»

ሊሳንድሮ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። መፋቂያው ከእጁ ወደቀ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ለምን?» አለች ሚርላንድ። «ለምን ሊሳንድሮ?»

ሰውየው የሠላሳ አራት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ ጀልባ በትከሻው የሚደግፍ። ያን ጊዜ ግን እንደተያዘ ሌባ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ኅዳር ላይ መጀመሪያ የመጣሽ ቀን ሁለት ማናቲ ነበሩ። ሁለት ብቻ! አሥር ደቂቃ አልፈጀብሽም። ቆጥረሽ ‹ደህና ዋሉ› ብለሽ ሄድሽ። እኔ ስምሽን እንኳ ሳልጠይቅሽ! በሚቀጥለው ሳምንት ‹ከበዙ ትቆያለች› አልኩ። የጎረቤት ጎማ ሲያፈስ እንዴት እንደሚሰበሰቡ ከልጅነቴ አውቃለሁ። ትንሽ ከፈትኩት። አምስት መጡ፣ አርባ ደቂቃ ቆየሽ። ስምንት ሲሆኑ አንድ ሰዓት ከሩብ። አሥራ አንድ የሆኑ ቀን…»

«አሥራ አንድ የሆኑ ቀን ዝናብ መጣ» አለች፣ ሳታስበው። «ጎታቿ ውስጥ ተጠለልን።»

ዶን ኤቬሊዮ አንዴ ልጃቸውን፣ አንዴ እሷን አዩ። የሦስት ወር ምስጢር በአንዲት ዝናብ ወጣ።

«ቁጥሩ ፈቃዱን እንደሚያስከለክል አታውቅም ነበር?» አለችው።

«መጀመሪያ አላወቅኩም። ሳውቅ ዘጋሁት። የገና ሰሞን ዘጋሁት፣ በእናቴ ነፍስ! አልሄዱም። ደረቁን ምሰሶ ይጠባሉ። ያቺ ግልገል አፏን ከፍታ ስትጠብቅ አንጀቴን በላችው፤ መልሼ ከፈትኩት።»

«ቆይ እስቲ» አሉ ዶን ኤቬሊዮ። «ቆይ እስቲ ይግባኝ። አንተ ልጅ፣ ለሴት ብለህ ግቢዬን በጎማ አፈሰስከው?»

ሚርላንድ ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ። እንዲህ አድርጎ የወደዳት ሰው በዕድሜዋ አልነበረም፤ እንዲህ አድርጎ ያጠፋትም አልነበረም።

ሽማግሌው ድንገት ፊታቸው በራ። «ታዲያ ቁጥሩ ውሸት ነዋ! ጻፊያ! ‹የዶን ኤቬሊዮ ዳርቻ ሁለት ላም ብቻ ነው ያለው፣ የቀሩት በውሃ ተጠርተው የመጡ እንግዶች ናቸው› ብለሽ ጻፊ!»

«ኅዳር ላይ ውሸት ነበር፣ ዶን ኤቬሊዮ። አሁን እውነት ሆኗል።» ቃሉ እንደ እሾህ ወጋት። «ሲዘጋም አልሄዱም እኮ። ከእንግዲህ በየዓመቱ ይመጣሉ። እዚህ አሥራ አራት ጀልባ ካቆምን…» ዓይኗ ወደ ባለጠባሳዋ እናት ሄደ።

*

ዶን ኤቬሊዮ ገብተው በራቸውን ዘጉ። ሊሳንድሮ እጇን ሊይዝ ሞከረ፤ ከማዶ ሰው ያየናል ብላ ነጠቀችው።

«ስሚኝ የኔ ቆንጆ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «‹ቧንቧው ያፈስ ነበር› በይ። አሮጌ ግቢ ነው፣ የማያፈስ ምን አለው? ማንም አልከፈተው፣ ማንም አላሰረው። የዘንድሮው ቆጠራ ይሰረዛል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ይቆጥራል። የእኔና የአንቺ ነገርም አይነሳም።»

አቤት፣ እንዴት ቀላል ነበር! አንዲት መስመር! ሚርላንድ መስመሯን በሐሳቧ ጻፈቻት፤ የእጅ ጽሑፏ ሳይቀር ታያት።

«በሚቀጥለው ዓመትም እዚሁ ናቸው። አንተ ነህ ያስለመድካቸው።»

«እነሱ፣ እነሱ፣ እነሱ! ለእነሱ ካለሽ ርኅራኄ ግማሹን ለአባቴ ብታደርጊው ምናለበት?»

«አባትህን እዚህ ያደረሳቸው ማነው? ጎማውን ያሰርኩት እኔ ነኝ?»

ምነው ከአፏ ሳይወጣ በቀረ! ፊቱ አመድ መሰለ።

«ልክ ነሽ» አለ። «እኔ ነኝ።»

«እንደዛ ማለቴ አይደለም…»

«ነው እንጂ። ሂጂ በቃ፣ ሰዓትሽ አልፏል።»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን ጨብጣ ተቀመጠች። ቢሮ ብትሄድ ያ ወረቀት ይጠብቃታል። ቤት ብትሄድ እናቷ ፊቷን አይታ ትጠይቃታለች። ብትመለስ ያ የገረጣ ፊት አለ። ይሄን በሚያህል ከተማ ውስጥ አንድ መሄጃ አጥታ፣ ቁልፉን ሳታዞር ብዙ ቆየች።

*

ሐሙስ ጠዋት ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው «ቧንቧው ያፈስ ነበር» ይላል። ሁለተኛው ጎማው ሆን ተብሎ መታሰሩን፣ ማናቲዎቹ ቦታውን መልመዳቸውን ይገልጽና ማቆሚያ እንዳይፈቀድ ይላል። ማን እንዳሰረው፣ ለምን እንዳሰረው ግን እሱም አይናገርም። ሌሊቱን ስታገላብጥ አድራ የቱን እንደምትሰጥ አልወሰነችም።

አለቃዋ ወይዘሮ ፕሪቸት ገና ከበሩ ጠሯት። በሩን ዘጉና አንድ ወረቀት ወደ እሷ ገፉ። የመሥሪያ ቤቱ የገቢ ማኅተም ተመትቶበታል። ሚርላንድ ጽሑፉን ገና ስታየው አወቀችው። የዶሮ ጭረት።

«ለሚመለከተው ሁሉ» ይላል። «በአባቴ ግቢ የውሃ ጎማ አስሬ ማናቲዎቹን የሳብኩት እኔ ሊሳንድሮ ፔድሮሶ ነኝ። አባቴ አያውቁም። ቅጣቱ የእኔ ነው። ያደረግኩት ቆጣሪዋን ለማየት ብዬ ነው። እሷ ግን አንድም ቀን ፊት ሰጥታኝ አታውቅም። ስሟን እንኳ ያወቅኩት ደረቷ ላይ ካለው መታወቂያ ነው። እኔ ብወዳትም እሷ የምታየኝ ከግቢው ምሰሶዎች እንደ አንዱ ነው። ስለዚህ እሷን አትጠይቋት።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዝናቡን ደምስሶታል፤ እሁዶቹን ሁሉ ደምስሷቸዋል። እሷን ለማትረፍ ሲል ራሱን የከተማው መሳቂያ አድርጎ መዝገብ ውስጥ አስገብቷል።

«ስሚ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ፕሪቸት። «አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል። አንዴ ብቻ ነው የምጠይቅሽ። ሰውየው ያለው እውነት ነው? ምንም የለም በመካከላችሁ?»

ዓይናቸው ይለምናት ነበር። እውነት ነው በይ፣ እባክሽ እውነት ነው በይና ይለፍ ይሏታል።

አንዲት ቃል ናት። ወንበሯ ይተርፋል፣ የእናቷ ሃያ ስድስት ዓመት ይተርፋል። እሱስ? በመንግሥት ወረቀት ላይ የማይወደድ ሞኝ ሆኖ ይቀራል። እሷስ በጠራራ ፀሐይ የካደችውን ሰው እሁድ እሁድ ተደብቃ ልትስመው ነው?

«ስለ ጎማው የጻፈው ሁሉ እውነት ነው» አለች። «ስለ እኔ የጻፈው ሁሉ ውሸት ነው። እወደዋለሁ። ከታኅሣሥ ጀምሮ።»

ወይዘሮ ፕሪቸት ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ምነው ያኔ ብትነግሪኝ! ማመልከቻውን ለሌላ ሰው እሰጠው ነበር፣ አንቺም እዚሁ ትቀሪ ነበር።»

«ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም እፈራለሁ።»

ሁለተኛውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። መታወቂያዋን ከደረቷ ፈትታ ከጎኑ አስቀመጠች።

«ፋይሉን ሌላ ሰው ያየዋል» አሉ ወይዘሮ ፕሪቸት። «መልሱ ግን ያው ነው የሚሆነው።»

«አውቃለሁ» አለች ሚርላንድ። የምታለቅሰው ለዚሁ ነበር።

*

የግቢው በር ላይ ሊሳንድሮ ቆሞ አገኘችው። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«ምን አደረግሽ? ምን ሆነሽ ነው?» ጮኸባት። «ስሜን አፈር ያስገባሁት አንቺን ላድን ነው እኮ!»

«አድነኝ ብዬሃለሁ?»

«አላልሽኝም! ግን እናትሽ፣ ሥራሽ…»

«አንተ ለእኔ ብለህ ውሸታም ስትሆን፣ እኔ ለራሴ ብዬ ከሐዲ ልሁን?» እሷም ጮኸች። «ምሰሶ! እኔ አንተን እንደ ምሰሶ! እንዴት እጅህ ጻፈው?»

ያ ሁሉ ደንብ፣ ያ ሁሉ ድብብቆሽ አብቅቶ ነበር፤ በቀን ብርሃን፣ በአደባባይ ቢተቃቀፉ የሚከለክላቸው አልነበረም። ግን ማናቸውም አልተንቀሳቀሱም። ግቢው ከኋላው ነበር፤ ክሬኑ፣ የተሰቀሉት ጀልባዎች፣ የአባቱ ዕድሜ። እንዴት ይታቀፋል በዚህ ሁሉ ላይ?

«ምን ቀረን ሚርላንድ?» አለ ሊሳንድሮ ድምፁ ተሰብሮ። «አንቺ ሥራ የለሽ። አባቴ ግቢ የለው። እኔ ክስ ይጠብቀኛል። ምን ቀረን?»



ያኔ ነው ዶን ኤቬሊዮ ከውስጥ የወጡት። ፂማቸውን አልተላጩም። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፤ ፊታቸውን ግን ወደ ወንዙ መለሱ።

«አንቺ!»

«አቤት፣ ዶን ኤቬሊዮ።»

«ለዚህ ሞኝ ብለሽ እንጀራሽን ጣልሽ የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

ሊሳንድሮ «አባዬ» ሊል አፉን ከፈተ፤ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«በእኛ አገር ጥሎሽ የሚባል ነገር የለም» አሉ። «እኔ እናትህን ሳገባ አንዲት ዶሮ እንኳ የጠየቀኝ አልነበረም። ዛሬ ግን ለአንተ ጥሎሽ ጣልኩ። አርባ አንድ ዓመቴን ጣልኩ። በዚህ ወንዝ ላይ የእኔን ያህል የጣለ አባት ካለ ና አሳየኝ!» የበሩን ብረት በመዳፋቸው መቱ። «ስማኝ ሊሳንድሮ። ስለ ግቢው ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እልህ ይሆናል። ይህን ሁሉ የጣልኩላትን ልጅ በር ላይ አቁመህ ብትጨቃጨቅ ግን ይቅር አልልህም። አስገባት።»

ሊሳንድሮ በሩን ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። ሽማግሌው አልዞሩም። ከኋላ የሚታየው የትከሻቸው መንቀጥቀጥ ብቻ ነበር።

ሚርላንድ ገባች። ወደ ሊሳንድሮ ሳይሆን ወደ ሽማግሌው ነው የሄደችው።